አንድ ሌሊት ያላደርሁበት መንደር

የወረዳ ምክር ቤት ወንበሬን ካስረከብሁ ወዲህ ጊዜ ተርፎኛል፤ ጠያቂም በዝቶብኛል። ንፋስ መውጫ ከሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ አላፊ አግዳሚው ይቆምና «ጋሽ አስማረ፣ እውነት ከወህኒ ወጥተው ነው ነጋዴ የሆኑት? ኋላስ እንዴት ተመረጡ?» ይለኛል። ወጣቶቹ ደግሞ ስልካቸውን እየደገኑ «በአጭሩ ይንገሩን» ይላሉ። በአጭሩ የሚነገር ነገር የለኝም። አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው ይህን የጀመርሁት።

ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን እኔው ላስቀድም። ሰው ገድያለሁ። ሟቹ አያሌው ይባላል፤ የማሳ ጎረቤቴ ነበር። ቀበሌያችን ወይራ አምባ በአንድ ሸለቆ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ወዲህ ማዶ የጊዮርጊስ አጥቢያ፣ ወዲያ ማዶ የኪዳነ ምሕረት አጥቢያ። እኔ የጊዮርጊስ፣ እሱ የኪዳነ ምሕረት ሰው ነው፤ ግን በእኛ በኩል ከእናቱ ወገን የወረሰው ማሳ ነበረው። በገብስ እርሻ ወቅት ድንበር ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባባልን፤ ዱላ ተማዘዝን። የእኔ ዱላ ቀደመ። ሁለታችንም ልጅ እግር ነበርን፣ ሁለታችንም ንዴታም ነበርን። እሱ ተቀበረ፣ እኔ ታሰርሁ።

ፍርዱ በተሰጠ ዕለት የአያሌው ወንድም ሞላ ከችሎቱ ደጅ ቆሞ ነበር። አልጮኸም፣ አልዛተም። «መንግሥት የራሱን ፈርዷል» አለና ነጠላውን አጣፍቶ ሄደ። የአገሬ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በእኛ ዘንድ የወህኒው ዘመን ሲያልቅ የደሙ ነገር አብሮ አያልቅም። ሽማግሌና ካህን ገብቶ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ገዳይ ከሟች ወገን መንደር ድርሽ አይልም፤ በገበያ መንገድ ቢያያቸው እንኳ ከሩቅ ዞር ይልላቸዋል። ዕርቅ ሳይወርድ ገዳዩ ቢሞት ነገሩ በልጁ ላይ ይዞራል። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝምና አላሳሰበኝም። ኋላ ይርጋ ሲወለድልኝ ነው ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ማደር የጀመርሁት።

በወህኒው ግቢ የሽመና ክፍል ነበረ። የክፍሉ አለቃ ጋሽ ጌጡ የሚባሉ የስማዳ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም እንደኛው እስረኛ ናቸው። በምን እንደታሰሩ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። የሚሠራው ባና ነበር፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብስ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ የበሬ ጭራ እንጂ ክር ይዤ አላውቅም። መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ ፀጉር መለየት ነው። ከበጉ ጀርባና ጎን የተሸለተው ለብቻ፣ ከሆዱና ከእግሩ የመጣው ለብቻ። «እጅህን ጨፍነህ ለይ» ይሉኛል። እጅ እንዴት ይጨፈናል ብዬ ስቄ ነበር፤ ለካ ዓይንህን ተወው፣ በጣትህ እመን ማለታቸው ነው። ከዚያ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በደጋን መንደፍ፣ መፍተል ይከተላል። ተሸምኖ ሲያልቅ ደግሞ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱበት በእግር ይረገጣል፤ ክሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝና ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ እስኪጠፋ ድረስ። ከግድግዳው በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥለን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ስንረግጥ የሚያየን ዘበኛ «ለየትኛው ሠርግ ነው?» እያለ ይቀልድብን ነበር።

የጋሽ ጌጡን አመል ግን ከዚያ በፊትም በኋላም በሌላ ሰው አላየሁም። ያለቀ ባና ሁሉ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌሊት እሳቸው ይለብሱታል። ገዥ በር ላይ ቆሞ ቢለምን «ነገ» ነው መልሳቸው። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ቀን ሁሉም ባና ያምራል» አሉ። «ሌሊት ገላህ ሲያሞቀው ነው ያልታጠበው በግ በግ የሚሸተው። ያልተረገጠው ነፋስ የሚያስገባው ወደ ንጋት ነው። ታዲያ ገዥው ብርድ ሲመታው የሚረግመኝ ሌሊት ከሆነ፣ እኔ በቀን አይቼ ምን አውቃለሁ?»

ጠዋት ሲነሡ ባናውን አጣጥፈው ወይ «ይሂድ» ይላሉ፣ ወይ ምንም ሳይናገሩ መልሰው መርገጫው ላይ ይጥሉታል። የእኔ ለስንት ጊዜ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው። አንዴ ተናድጄ «አባባ፣ እርስዎ ብርዳም ስለሆኑ ነው» ብላቸው፣ ያን ሌሊት የገዛ ባናዬን አልብሰው ከበሩ ሥር አስተኙኝ። ጠዋት ራሴ ተሸክሜ ወደ መርገጫው ወሰድሁት።

በአመክሮ ወጣሁ። መንደሬ መግባት አልቻልሁም፤ ከጊዮርጊስ ብኖር ሸለቆውን ተሻግሮ የሞላ ቤት ከደጄ ይታያል። ንፋስ መውጫ አንድ ክፍል ተከራየሁና የሽመና ዕቃ ተከልሁ። ከወይና ደጋ የሚወጣው መንገደኛና ሾፌር ብርዱን ያውቀዋል፤ ባናዬን ተፈላጊ ያደረገው እሱ ነው። ፀጉሩን ከላይ ጋይንት ደጋ፣ ሲያጥር እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ገበያ ድረስ ወርጄ እገዛለሁ። እያንዳንዱን ባና አንድ ሌሊት ሳልለብስ አልሸጥም ስል መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ «የአስማረ ነው፣ አድሮበታል» ማለት የገበያው ቋንቋ ሆነ። ባለቤቴን የሺን ያገኘሁት በዚያ ዘመን ነው። ከጋብቻችን በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዕርቁ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?» አለችኝ። «ይወርዳል» አልኋት። ሽማግሌ ላክሁ፤ ሞላ መለሳቸው። ደግሜ ላክሁ፤ ውሃ አጠጥቶ መለሳቸው።

ሥራው ሲሰፋ ከወህኒ የሚወጡትን መቅጠር ጀመርሁ፤ ሌላ ቀጣሪ ስለማያገኙ እንጂ እኔ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። ለእነሱ መታወቂያ፣ ለእነሱ ዋስ፣ ለእነሱ የንግድ ፈቃድ ስል በቢሮ ደጅ ስመላለስ ባለሥልጣኑም ሕዝቡም ለመደኝ። ምርጫ ሲደርስ የወይራ አምባ የጊዮርጊስ ሰዎች መጥተው «ለወረዳው ምክር ቤት አንተን ነው የምናቀርብ» አሉኝ። «ታስሮ የወጣ ሰው ይመረጣል ወይ?» የሚል ክርክር ተነሣ፤ ፍርዱን ጨርሷል፣ መብቱ ተመልሶለታል ተባለና ገባሁ። የኪዳነ ምሕረት ሰዎች ለማን እንደሰጡ አላውቅም። ለእኔ እንዳልሰጡ ግን አውቃለሁ።

ምክር ቤት ከገባሁ በኋላ የማውቀው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ይዤ ገባሁ። ስለ አንድ መንደር ጉዳይ እጅ ከማውጣቴ በፊት ከዚያ መንደር አንድ ሌሊት አድራለሁ። ጤና ኬላ ይሠራልን ካሉበት አደርሁ፤ የሚፈልጉት ከኬላው በፊት ድልድይ እንደሆነ ጠዋት ከበሽተኛ ተሸካሚዎቹ ጋር ስሄድ አየሁ። አፈ ጉባኤያችን ወይዘሮ ትርንጎ፣ አስተማሪ የነበሩ፣ ንግግር የሚቆርጡ ሴት ናቸው። «አቶ አስማረ ካላደረበት አጀንዳው ይደር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ግን እውነት አጀንዳውን ያሳድሩታል።

ከዚያ የወይራ አምባ ውሃ መጣ። ከዳገቱ ምንጭ ተጠልፎ አንድ ቦኖ ለቀበሌዋ ሊሠራ ተወሰነ፤ የት ይተከል የሚለው ለእኔ ተተወ፤ የመረጡኝ አገር ነውና። ከጊዮርጊስ አደርሁ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ግን መሻገር አልችልም። የውሃ ባለሙያውን ላክሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰዎቹን ሰብስቦ ጠየቀና ተመለሰ። «ከሁለቱ አጥቢያ መካከል ይሁን ስላቸው ዝም አሉ፤ ተቃዋሚ የለም» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። እኩል በሆነ ቦታ፣ ከሸለቆው አናት፣ ለማንም ሳላዳላ አስተከልሁት። ከኪዳነ ምሕረት ይልቅ ለገዛ ወገኔ አለማድላቴን እያሰብሁ ኮርቼ ነበር።

ቦኖው ሲመረቅ የጊዮርጊስ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ሞሉ። ከማዶ አንድም ሰው አልመጣም። አጨዳ ላይ ናቸው አልሁ። አጨዳው አለቀ፣ ውቂያው አለቀ፤ አልመጡም።

ነገሩን የነገሩኝ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። «አንተ ሰውዬ» አሉኝ በቢሯቸው፣ «የሞላ ሚስት ከአንተ አክስት ልጅ ጎን ቆማ ከአንድ ቧንቧ ልትቀዳ ኖሯል? ደም ባልደረቀበት? ይኸን እኔ ላስተምርህ?»

እኔ ነኝ ይህን ማወቅ የነበረብኝ። ደመኞች ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ከአንድ ውሃ አይቀዱም፤ ሕፃን የሚያውቀው ነው። ደግሞ የእኛ ሰው መንግሥት ልኮት ለመጣ ባለሙያ «ከገዳያችን ወገን ጋር አንጠጣም» ብሎ አይናገርም፤ ያፍራል፤ ዝም ይላል። እኔ ያን ዝምታ ከዚያ አድሬ ቢሆን ጠዋት ገና ሳይነጋ እሰማው ነበር፤ ሴቶቹ እንስራና ጀሪካን አዝለው እንደ ወትሮው ከገደሉ ሥር ወዳለው ወንዝ ሲወርዱ። ዞር ማለቱን ያኽል ክብር የለም ብዬ ዞር ስል፣ ቁልቁለቱን ለእነሱ ተውሁላቸው።

በዚያው ክረምት የሞላ ሚስት ዘነቡ ውሃ ተሸክማ ከገደሉ ስትወጣ አዳልጧት ወደቀች። ጭኗ ተሰበረ። በቃሬዛ ወደ ንፋስ መውጫ ሲያመጧት መንገዳቸው በሱቄ ደጅ ነው። ዝናብ ያባራበት ሰዓት ነበር፤ ሴትዮዋ ትንቀጠቀጣለች። ከሠራተኞቼ አንዱ ማንነታቸውን ሳያውቅ ባና አውጥቶ ደረበላት። እኔ ከውስጥ ነበርሁ፤ በመስኮት አያለሁ፤ መውጣት አልቻልሁም። ሞላ ከቃሬዛው ኋላ ደረሰ። ባናውን አየ፣ ሱቁን አየ። ቀስ ብሎ ከላይዋ አነሣው፤ አልወረወረውም፤ በሥርዓት አጣጥፎ ከደጃፌ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። የራሱን እርጥብ ጋቢ አልብሷት አለፉ።

ከእስሩም ከፍርዱም ይልቅ ያ የታጠፈ ባና ነው የጎዳኝ። ብዙ ቀን ከደረጃው አላነሣሁትም። ዘነቡ ደብረ ታቦር ድረስ ተወስዳ ታከመች፤ እግሯ ግን ጠሞ ገጠመ፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። አሁን የሄዱት መምሬ ጥሩነህ ናቸው፤ በወጣትነታቸው እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ ሁለቱም አጥቢያ የሚፈራቸው ቄስ። እንዲህ ብዬ ላክኋቸው፤ «የሚጠይቀኝን ሁሉ እሽ በሉልኝ። ካሣም ቢሆን። ወንበሩንም ልቀቅ ካለ እለቃለሁ።» ሕዝቡም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ምትክ ሰው ማሰብ ጀምረው ነበር።

ሞላ እሽ አለ። ዕርቁ እንደ ልማዱ ከሸለቆው ወንዝ ዳር ሆነ፤ የእኛ ወገን ወዲህ፣ የእነሱ ወዲያ፣ ካህናቱ መስቀል ይዘው ከመካከል። እኔ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ውሃውን ተሻገርሁ። ይርጋ ከየሺ ጋር ከወዲህ ማዶ ቆሟል፤ የባጃጅ ሾፌር ሆኖ ነበር በዚያ ጊዜ፤ ዞሬ ላየው አልደፈርሁም። መምሬ ጥሩነህ ሞላን ጠየቁት።

«በል ልጄ፣ ምን ይደረግልህ? ካሣ ተናገር።»

«ካሣ አልበላም» አለ ሞላ። «የወንድሜን ሥጋ አልሸጥም።»

«ታዲያ ወንበሩን ይልቀቅ ነው የምትል?»

ሞላ ወደ እኔ ዞረ። ድንጋዩ ይከብዳል፤ ማጅራቴ ተቃጥሏል። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አናገረኝ።

«ስማ አንተ። ወንድሜን ገደልህብኝ፤ የሚያግዘኝ አጥቼ ብቻዬን አረስሁ። ኋላ ደግሞ ተመረጥሁ ብለህ ውሃ አመጣህ፤ እኔን ሳትጠይቅ። ልቀቅ ብልህ ሌላው ይመጣል፤ እሱ እኔን የት ያውቀኛል? ስንት ቁልቁለት እንደምወርድ የት ያውቃል? አንተ ግን ታውቀኛለህ። ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣሁህ እኔም አውቃለሁ። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ውሃ እስኪወርድ እዚያው ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። ያኔ ልጅህ ከልጆቼ ጋር እኩል ይሁን።»

ድንጋዩን መምሬ ጥሩነህ አወረዱልኝ። ተቃቅፈን ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ደስታ አይደለም የተሰማኝ፤ ፍርሃት ነው። ዕርቁ ግማሽ ነበርና፤ የይርጋ ነገር ከቧንቧው ጋር ታስሯል።

የኪዳነ ምሕረትን ውሃ በምክር ቤቱ ያነሣሁ ዕለት አንድ ባልደረባ ተነሥቶ «አቶ አስማረ የደሙን ካሣ በመንግሥት በጀት ሊከፍል ነው» አለ። ብናደድ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰውየው ያለምክንያት አልተናገረም። «እንዲያ የሚመስል ከሆነ ነገ ከኪዳነ ምሕረት እንደር» አልሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ሳይስቁ «ይደር» አሉ። ሄድን። ከዲያቆኑ ቤት አደርን፤ ባናው የእኔ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሴቶቹን ተከትለን ወረድን፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ጀሪካን። ያ ተቃዋሚ ባልደረባዬ ሰውነቱ ከበድ ያለ ነው፤ ከገደሉ ወገብ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ተቀመጠበትና «በቃ፣ በቃ፣ ገብቶኛል» አለ። በመጨረሻ ቁፋሮውን የአጥቢያው ሰው፣ ሲሚንቶውን ወረዳው፣ ቱቦውን እኔ እንድንችል ተስማማን። ለቱቦው ትልቁን ሱቅ ሸጥሁ፤ አሁን ያለሁበት ትንሿ ናት። እንዲህ ካልሆነ ያ የባልደረባዬ ቃል ዕድሜ ልኬን ይከተለኝ ነበር።

ሥራው ዘገየብን፤ ሲሚንቶ ሲመጣ መንገድ ይዘጋል፣ መንገድ ሲከፈት ባለሙያ ይጠፋል። ይርጋ በእነዚያ ሁሉ ወራት ወደ ወይራ አምባ አልሄደም። ተሳፋሪ ወደዚያ ሲጠራው ለሌላ ይሰጣል። እኔም አልጠይቀውም፣ እሱም አይነግረኝም።

ውሃው በወረደ ቀን ይርጋን ይዤው ሄድሁ። የሺ አትውሰደው አላለችም፤ ነጠላዋን ለብሳ አብራን ወጣች። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ሰው ተሰብስቧል። ቧንቧው ሲከፈት እልል ተባለ፤ መምሬ ጥሩነህ ባረኩት። ሞላ ከሰው መካከል ቆሞ ውሃውን ያያል፤ እኔን አያየኝም። እኛ ሦስታችን ከዳር ቆምን። ሰላም የሚለን አለ፣ ራመድ ብሎ የሚጠጋን ግን የለም። ይርጋ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት በኪሱ ከትቷል።

ዘነቡ በምርኩዟ እየተደገፈች፣ ጀሪካን በሌላ እጇ ይዛ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ቦኖው የቆመው ከፍ ካለ የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። ደረጃውን አየችው፣ ቧንቧውን አየችው፤ ከዚያ ዞር አለችና ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ።

«አንተ አስማረ!»

ሕዝቡ እልልታውን አቆመ። የሞላ አንገት ቀና አለ።

«ይኸን ደረጃ ማን ነው ያስደረደረው? በዚህ እግሬ እንዴት አድርጌ ነው የምወጣው? ምነው ዝቅ ብታደርገው? ደሞ ያፈሳል! አየኸው? ከሥሩ ያፈሳል! ገና ዛሬ ተከፍቶ! ተመራጭ ተብየ!»

«አስተካክለዋለሁ» አልሁ።

«መቼ?»

«አሁኑኑ።»

«ኋላ ትረሳና!» አለችና ወደ ይርጋ ዞረች። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ጎረምሳ ሆነህ? ና ይኸን ሙላና አድርስልኝ።»

ይርጋ እኔን አየኝ። እኔ ሞላን አየሁት። ሞላ ከደረጃው ፈንጠር ብሎ ለልጄ ቦታ ለቀቀለት። ይርጋ ወጥቶ ጀሪካኑን ሞልቶ ትከሻው ላይ አነሣው። ዘነቡ በምርኩዟ እያነከሰች ቀደመችው፤ ስለ ደረጃው እያጉረመረመች። ልጄ ከኋላዋ ሄደ። የአጥራቸው በር ሲከፈት አየሁ፤ ገባ።

የሺ ከቦኖው ደረጃ ሥር ተቀመጠች። እኔ መፍቻ ፍለጋ ሄድሁ።